የጅረቱ ዳር መናፈሻ ሲሆን ማን ይገባበት? ከደብረ ብርሃን ለተላከ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በሰፈራችን መሐል ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርድ ትንሽ ጅረት አለ። ዳርና ዳሩ እስከ ዛሬ ሜዳ ነበር። አሁን ታጥሮ መናፈሻ ሊሆን ነው። ሥራውን ከሚከታተለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ እኔም አለሁበት። የመጣልን ንድፍ ያምራል። ፏፏቴ አለው፣ ደረጃ አለው፣ ዘንባባ አለው። ግን እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትሄደው። ጎረቤታችን ማየት የተሳናቸው ናቸው። ሴቶች እዚያ ልብስ ያጥባሉ፤ የጋሪ ፈረሶች ውሃ ይጠጣሉ። ሁሉን ያካተተ የሚባለው ነገር በእኛ አቅም ይቻላል? ከየትስ እንጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በእናንተ አቅም ይቻላል። እንዲያውም ንድፉ ላይ ካሉት ነገሮች ውድ ውዶቹ ቢቀሩ ቦታው ለብዙ ሰው ይመቻል። የከተማ መናፈሻና የወንዝ ዳርቻ መንደፍ ሥራዬ ነው። ሰሜን ሸዋንም ከደጋው እስከ ቆላው አውቀዋለሁ። ስለዚህ በጥያቄዎ ውስጥ ያየሁትን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ።

ቦታው ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። ውሃ የሚጠጡ ፈረሶች አሉ። ኳስ የሚጫወቱ ልጆችና አቋርጠው ገበያ የሚሄዱ ሰዎችም አይጠፉም። ንድፉ የተሳለው ግን ማንም የማይረግጠው መሬት ተብሎ ነው። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ሥራ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፎቶ የሚነሳ ይገባል፣ ውሃ የሚቀዳ ይወጣል። ለእኔ ሁሉን ያካተተ ቦታ ዛሬ የሚጠቀምበትን ሳያባርር፣ ዛሬ መምጣት ያልቻለውን የሚያስገባ ነው። የልብስ አጣቢዎቹ ጉዳይ የመጀመሪያው ነው፤ የእናትዎና የጎረቤትዎ ጉዳይ ሁለተኛው። አንዱን ለሌላው መሠዋት የለባችሁም።

ኮሚቴው ውስጥ «ይሄ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ከተነሳ ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን ይንገሩት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ቦታው ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅም ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ለከተሞች ያቀረበው መነሻ፣ ሰው ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ከዘራ ለያዘ ሰው ሩቅ ካለ ትልቅ መናፈሻ ቅርብ ያለ ትንሽ ሜዳ ይሻለዋል። ክርክሩን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አታርዝሙት። ዋናው ሥራ ሜዳው ላይ ነው።

ንድፉን አጥፋችሁ አስቀምጡትና መጀመሪያ ቦታውን ተመልከቱ። አንድ ሳምንት ይበቃል። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ አመሻሽ። የገበያ ቀንና እሑድ እንዳያመልጣችሁ። ማን መጣ? በየት በኩል ገባ? ምን ይዞ ነበር? የት ቆመ፣ የት ተቀመጠ? ሣሩ ላይ በእግር ብዛት የወጣውን ቀጭን መንገድ በደንብ እዩት። የመናፈሻው መንገድ እሱን ተከትሎ ይሠራ። አለበለዚያ ሰው አበባውን ረግጦ በድሮው ያልፋል።

ከዚያ የማይመጣውን ፈልጉ። ይሄ ይከብዳል፤ የሌለ ሰው አይታይማ። እናትዎ የማይመጡት ለምንድን ነው? ርቀቱ ነው? ጭቃው ነው? መሐል ላይ አረፍ የሚሉበት ማጣታቸው ነው? ሴት ተማሪዎች ሲመሽ በዚያ ያልፋሉ ወይስ ዞረው ይሄዳሉ? ጎረቤትዎን ክንድዎን አስይዘው ከቤታቸው እስከ ጅረቱ አብረዋቸው ይሂዱ። የት እንደሚፈሩ፣ በምን ድምፅና በምን ሽታ ቦታውን እንደሚለዩት ይነግሩዎታል። እኔ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው በአብዛኛው ጊዜ ያለው አባወራ ነው። ልብስ አጣቢዋ ሥራዋን ትታ አትመጣም። ባለጋሪውም ቀኑን አያቃጥልም። እናንተ ናችሁ ወደ እነሱ የምትሄዱት፤ ጋሪ ተራው ላይ፣ ማጠቢያው ድንጋይ ዘንድ፣ የሴቶች ዕድር ሲሰበሰብ። በከተማችሁ መጠለያ ያሉ ተፈናቃዮችንም አትርሱ። ብዙዎቹ ከወለጋ ማሳቸውን፣ ጓሯቸውን፣ የለመዱትን ዛፍ ጥለው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። «የሰፈሩ ሰው ይምጣ» ሲባል ማንም እነሱን አይጠራም። ከቦታው ጥግ ጎመንና ድንች የሚተክሉባት ጥቂት መደብ ብትሰጧቸው ከመሬት ጋር የነበራቸው ነገር ፈጽሞ አይቆረጥም። ብዙ ንድፎች ይህችን ጥግ ሲነፍጉ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ከተማ መናፈሻ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሰውና ተፈጥሮ የሚገናኙት በመዝናናት ነው ብሎ ይነሳል። ሰው ይቀመጣል፣ ያያል፣ ንጹህ አየር ይተነፍሳል። ይህም እውነት ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ ያዩ የነበሩ ሕመምተኞች የጡብ ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ጠንካራ ማስታገሻ መድኃኒትም የወሰዱት ያነሰ ነበር። በእኛ አገር ግን ግንኙነቱ ከማየት ያልፋል። ሰው ለበዓል ከጅረት ዳር ቀጠማ ያጭዳል። መስከረም ሲጠባ ልጆች አደይ አበባ ይለቅማሉ። ለጥምቀት ታቦት ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ምእመኑ ሜዳውን ይሞላዋል። በዒድ ሙስሊሙ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይሰግዳል። ለሻይ ጦስኝ ይቀነጠባል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ይፈለጋል። ሰው አንድን ቦታ የእኔ የሚለው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። አጥር ውስጥ ገብቶ «ሣሩን አትርገጥ» የሚል ሰሌዳ ሲያነብ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መሐሉ ላይ ሰፊ ሜዳ ምንም ሳይሠራበት ይቅር። ለኳሱም፣ ለድንኳኑም፣ ለበዓሉም እሱ ነው የሚሆነው። ከጅረቱ ዳር ደግሞ ጥቂቱ እርጥብ እንደሆነ ይቆይና ቀጠማ ይብቀልበት። ዳሩን በሙሉ በሲሚንቶ ከለበጣችሁት ቀጠማውም፣ እንቁራሪቱም፣ ወፉም ይሄዳል። ክረምት ሲገባም ውሃው የሚሰርግበት አጥቶ በኃይል ወርዶ ታች ያለውን ሰፈር ያጠቃል።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ውርጭ አለ። ዘንባባና ጥላ የበዛበት ንድፍ የታሰበው ለሞቃት አገር ነው። ዘንባባው በውርጭ ይጎዳል። የእናንተ ሰው ደግሞ ጥላ ፍለጋ አይወጣም፤ የሚፈልገው ፀሐይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በከተማው ዞር ዞር በሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጀርባቸውን ለግንብ ሰጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ትክክለኛውን ንድፍ ከእነሱ ውሰዱ።

እንዲህ ይሠራ። ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚመጣ የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቁና በዚያ በኩል አጫጭር የድንጋይ ግንቦች ይቁሙ። ቁመታቸው ከተቀመጠ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ካለ በቂ ነው። ረጅም ሆኖ የሚሄድ ግንብ አትሥሩ፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ስለማይታይ ሴቶች አይወዱትም። ግንቡ ፊቱን ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ያድርግ። ምሥራቁ ለጠዋት ፀሐይ ነው። ደቡቡ ደግሞ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ በእናንተ አገር ወደዚያ ስለምታዘነብል ነው። ያ ወቅት ብርዱ የሚጠናበትን ጊዜ በሙሉ ያካትታል። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣና አመሻሽ ላይ መልሶ ይሰጣል።

መቀመጫው ከእንጨት ይሁን። ብረትና እምነበረድ በደጋ ጠዋት አይቀመጡበትም። ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። የጀርባና የክንድ መደገፊያ ይኑረው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ምን ያህል እንደሚከብዳቸው ከእናትዎ ያውቁታል፤ የክንዱ መደገፊያ ለመነሳት ነው የሚያገለግለው። ከመቀመጫው ጎን አንድ ሜትር ያህል የተነጠፈ ክፍት ቦታ ይቅር። በዊልቸር የመጣ ሰው ከጓደኛው ጎን ለጎን ሆኖ ይጫወት እንጂ መንገድ ላይ ለብቻው አይገተር። በየ50 ሜትሩ አንድ ማረፊያ ካለ እናትዎ ቦታውን በሙሉ ያዳርሱታል።

ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን እመክር ነበር። ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ ቆላ ነው። እዚያ ሰፊ ጥላ የሌለው መቀመጫ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ አንድ ንድፍ ግን ለሁለቱ አይሆንም።

መሬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናትዎ መምጣት አለመምጣታቸው የሚወሰነው እዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ብዙው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ የተነጠፈ መንገድ ብዙም ሳይቆይ ይወላገዳል። ስለዚህ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ። ገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ከጎኑ የውሃ መሄጃ ይኑረው። ኮብልስቶን ብዙ ወጣት እንጀራ ያበላ፣ ሲበላሽም ተነስቶ የሚጠገን ጥሩ ነገር ነው። ግን ዊልቸር ላይ ያለን ሰው ያንገጫግጫል፤ የከዘራ ጫፍም ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ኮብሉን አትተዉት። መሐል ለመሐል 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ፣ ግን የማያንሸራትት ንጣፍ ይለፍበት። ዊልቸር ዞሮ ለመመለስ ይሄ ይበቃዋል። ሁለት ዊልቸሮች እንዲተላለፉ ከፈለጋችሁ 1.8 ሜትር አድርጉት።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ሁለት ልኬት ያዙ። 1 ለ12 እና 1 ለ20። 1 ለ12 ሲባል አንድ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ያዘነበለ መንገድ) በዊልቸር ያለ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ ሲወርድም አደገኛ ነው። 1 ለ20 ከሆነ ግን ለሁሉም ተራ መንገድ ነው። ከዘራ ለያዘም፣ ሕፃን ላዘለችም፣ ጀሪካን ለተሸከመችም ይመቻል። ንድፉ ላይ ደረጃ የተሳለበትን ቦታ ጠምዘዝ አድርጋችሁ በ1 ለ20 ብታወርዱት ደረጃው ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። «ደረጃው ከፊት ይሁን፣ ራምፑ ከኋላ በኩል ይሠራ» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። አትቀበሉት። እናትዎ በዋናው በር ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይግቡ።

ለጎረቤትዎ ትልቁ አደጋ ክፍት ቦይ ነው። በከተሞቻችን ዓይነ ስውራን ሲወድቁ በአብዛኛው እዚያ ነው። ቦዩ ይከደን። የክዳኑ ቀዳዳ የበትር ጫፍ የማያስገባ ጠባብ ይሁን። የመንገዱ ጠርዝ በነጭ በትር ሲነካ እንዲለይ ትንሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ይደርደርበት። የመብራት ምሰሶና የአበባ ገንዳ መንገዱ መሐል አይቁም። ሽታም መንገድ ይመራል። መግቢያው ላይ ጦስኝ፣ መቀመጫው ዘንድ አሪቲ፣ ማጠቢያው አቅጣጫ ጤና አዳም ብትተክሉ የት እንደደረሱ በአፍንጫቸው ያውቁታል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ጦስኙ በደጋው እንደ ልብ ነው።

ስለ ልብስ አጣቢዎቹና ስለ ፈረሶቹ «ውበት ያበላሻሉ» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ይቆዩ፤ ቦታቸው ግን ይሻሻል። ከጅረቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለው የማጠቢያ ገንዳ ይሠራ። አንዱ ቆመው የሚያጥቡበት፣ አንዱ ተቀምጠው የሚያጥቡበት ይሁን። ወገብ የሚቆርጠው ጎንበስ ማለቱ ነውና። የሳሙናው ውሃ በቀጥታ ወደ ጅረቱ አይግባ። ጠጠርና አሸዋ በተሞላ ጉድጓድ ይለፍ፤ ከዚያ ቀጠማ የበቀለበት እርጥብ መሬት ላይ ይጣራ። ልብስ ማስጫ ገመድም ፀሐይ ባለበት ይወጠር። ለፈረሶቹ ከልጆች መጫወቻ ራቅ ያለ መጠጫ ገንዳ ይኑራቸው፤ ጋሪ የሚገባበትም አንድ መንገድ ብቻ ይሁን። ለፏፏቴው የታሰበው ገንዘብ ለዚህ ይዋል። ፏፏቴ ፓምፕ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ በቆመ ማግስት ቆሻሻ ያጠራቅማል።

ልጆች ውሃው ውስጥ የሚጫወቱበት ቦታ ግን ውሃው በላቦራቶሪ ሳይመረመር እንዳታደርጉ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት። ከላይ ምን እንደሚቀላቀልበት በዓይን አይታወቅም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርባችሁ ስለሆነ ምርመራውን እዚያ ጠይቁ።

ሲመሽ ሴቶች እንዳይፈሩ ቁጥቋጦው ከጉልበት በላይ አይደግ፤ ዛፉም እስከ ሁለት ሜትር ቅርንጫፉ ይመልመል። መውጫው ከአንድ በላይ ይሁን። መብራት መንገዱን እስከ ዳር ይከተል። መጸዳጃ ቤት የግድ ነው። መጸዳጃ የሌለበት ቦታ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ እናቶች ብዙ አይቆዩም።

ስለ ዛፍ አጭር ልበል። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የሸዋን ደጋ ማገዶ ሲሰጥ ኖሯል፤ አልረግመውም። ጅረት ዳር ግን አትትከሉት፤ ውሃውን ይመጥጠዋል። ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ አምጃና ቀጋ ደጋውን የለመዱ ናቸው። ወፍ ዋሻ ደን ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ከተማችሁን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ የጽዱ ዘር የመጣው ከወፍ ዋሻ እንደሆነ ይነገራል። ረጃጅሞቹን በስተ ሰሜን ትከሉ። በስተ ደቡብ ከተከላችሁ ከዓመታት በኋላ የፀሐይ መሞቂያው ላይ ጥላ ይጥሉባችኋል።

አሁን አጥሩ። ችግኝ እስኪጠነክር ድረስ አጥር ያስፈልገዋል፤ በግና ፍየል አይምሩትም። ቦታው በሙሉ በብረት ታጥሮ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ከቆመ ግን ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሚያስጠብቀው ስምምነት ነው። ለዚህ ምሳሌው በገዛ አገራችሁ አለ። መንዝ ጓሳ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል የራሱ ሥርዓት ጠብቆታል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። በበጋ ሲከፈት ሰው ገብቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። ሳይከፈት የገባ ይቀጣል።

ግን የቀሮ መብት በትውልድ የሚወረስ ነበር። ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ርስት አፈረሰው፤ ጥበቃውም አብሮ ላላ። በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጀው። ከሁለቱም ውሰዱ። እናንተም ደንብ አውጡ። ቀጠማው መቼ ይታጨዳል? ማንስ ያጭደዋል? ችግኙን የሚያጠጣው ማነው? ሜዳው ለሠርግና ለለቅሶ እንዴት ይፈቀዳል? ደንቡን የሚያወጡት ግን ነባሮቹ ብቻ አይሁኑ። ከልብስ አጣቢዎች፣ ከባለጋሪዎች፣ ከአካል ጉዳተኞች፣ ከወጣቶችና ከተፈናቃዮች አንዳንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጥ። ድምፅም ይኑረው።

ገንዘቡ ከጠበበ በአንዴ ሁሉን አትሥሩ። በመጀመሪያው በጋ መንገዱ፣ የቦዩ ክዳን፣ ማጠቢያውና መጸዳጃው ይለቁ። ክረምት ሲገባ ችግኙ ይተከል። ግንቡና መቀመጫው በሚቀጥለው በጋ ይደርሳሉ። እስከዚያው ግንድ አምጡና የተለያየ ቦታ አጋድሙት። ሰው የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ አይታችሁ እዚያው ትሠራላችሁ።

ወደ ነዳፊው ከመመለሳችሁ በፊት ግን ቁልቁለቱን ራሳችሁ ለኩት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበት ግልጽ ቱቦ ይበቃል። ከመግቢያው እስከ ጅረቱ ጠርዝ መሬቱ ስንት ሜትር ይወርዳል? ያገኛችሁትን በ20 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር መንገዱ ሊኖረው የሚገባው ርዝመት ነው። 3 ሜትር ከወረደ 60 ሜትር መንገድ ትፈልጋላችሁ። ያ መንገድ በየት በኩል ዞሮ እንደሚወርድ እናትዎንና ጎረቤትዎን ይዘው ሜዳው ላይ በኖራ ያስምሩት። ነዳፊው መጥቶ የተሰመረውን ይለካና አዲሱን ንድፍ ከዚያ ይጀምር።